ኮሌክሽን ሲያስፈራራሽ ከስልኩ ይልቅ ወረቀቱን ፍሪ

ጥያቄው ባጭሩ ይሄ ነው። ጠያቂዋ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ትኖራለች። ሁለት ዕዳ አለባት። አንዱ ከአምስት ወር በፊት ኢመርጀንሲ ገብታ የመጣባት የ3,800 ዶላር የሆስፒታል ቢል ነው። ሌላው ከሥራ ስትወጣ በ2018 መክፈል ያቆመችው የክሬዲት ካርድ ዕዳ ነው። እሱ አሁን ስሙን ሰምታ በማታውቀው ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት (ኮሌክሽን ወይም ኮሌክተር የሚሉት) እጅ ገብቷል። "በቀን አራት አምስቴ ይደውላሉ። ሥራ ቦታዬም ደወሉ። አጎቴ ጋ ደውለው ዕዳ እንዳለብኝ ነገሩት፣ እሱ ደግሞ አዲስ አበባ ለእናቴ ነገራት። ትናንት ዛሬውኑ 200 ዶላር ካልከፈልሽ ፖሊስ እንልካለን፣ ግሪን ካርድሽም አደጋ ላይ ነው አሉኝ። እንቅልፍ አጣሁ። 200ውን ከፍዬ ልገላገል ወይ?"

አትክፈዪ እህቴ። ቢያንስ ዛሬ አትክፈዪ፣ በስልክ ደግሞ በጭራሽ አትክፈዪ።

እኔ ሥራዬ በዲሲ አካባቢ ዕዳ የበዛባቸውን ሰዎች ማማከር ነው። ጠበቃ አይደለሁም፤ ጠበቃ የሚያስፈልግበት ቦታ ስንደርስ እነግርሻለሁ። ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው።

መጀመሪያ ፖሊሱን ከጭንቅላትሽ እናውጣ። አሜሪካ ውስጥ የክሬዲት ካርድ ወይም የሆስፒታል ዕዳ አልከፈለም ተብሎ የሚታሰር ሰው የለም። የፌዴራሉ መንግሥት በዕዳ ማሰርን ያስቀረው በ1833 ነው። ኮሌክተር ፖሊስ የመላክ ሥልጣን የለውም፣ ፖሊስም ቢል ሊያስከፍል አይመጣም። ግሪን ካርዱም እንደዚያው ነው። የሆስፒታል ቢል አለመክፈል ከአገር አያስወጣም። ዜግነት ስትጠይቂ ፎርሙ ላይ የሚመጣብሽ ያልተከፈለ ግብርና የልጅ ቀለብ ነው እንጂ የኢመርጀንሲ ቢል አይደለም። የሚደውሉት ሰዎች ይሄን አሳምረው ያውቃሉ። እንግሊዝኛሽ ውስጥ የሌላ አገር ቅላጼ ስለሰሙ ነው ኢሚግሬሽንን ያነሱት። በእኔ ግምት ከዚህ ሥራ ውስጥ እጅግ ነውረኛው ነገር ይሄ ነው።

ነውር ብቻ ሳይሆን ሕገ ወጥም ነው። ከ1977 ጀምሮ ኤፍ ዲ ሲ ፒ ኤ የሚባል የፌዴራል ሕግ አለ፤ የዕዳ ሰብሳቢዎችን ሥነ ምግባር የሚገዛው እሱ ነው። ከኖቬምበር 30፣ 2021 ወዲህ ደግሞ ሬጉሌሽን ኤፍ የሚባል ዝርዝር ደንብ ተጨምሮበታል። የማያደርጉትን ወይም በሕግ ማድረግ የማይችሉትን ነገር "እናደርጋለን" ብለው ማስፈራራት ክልክል ነው። ከጠዋቱ 8 ሰዓት በፊትና ከምሽቱ 9 ሰዓት በኋላ (እዚህ አገር እንደምንቆጥረው) መደወል አይችሉም። ስለ አንድ ዕዳ በ7 ቀን ውስጥ ከ7 ጊዜ በላይ ከደወሉ ደንቡ እንደ ማዋከብ ያየዋል። አንዴ ካነጋገሩሽ ደግሞ ስለዚያ ዕዳ መልሰው ለመደወል 7 ቀን መጠበቅ አለባቸው። አንቺ ሁለት ዕዳ ስላለሽ ጥሪው ለየብቻው ነው የሚቆጠረው። ቢሆንም በቀን አራት አምስቴ በየትኛውም ሒሳብ አይገባም።

አጎትሽ ጋ መደወላቸው ሌላ ጥፋት ነው። ኮሌክተር ወደ ሌላ ሰው መደወል የሚችለው አንቺን ለማግኘት ብቻ ነው፤ አድራሻሽን፣ ስልክሽን፣ የምትሠሪበትን ቦታ ለመጠየቅ። ያውም በመደበኛው አንዴ ብቻ ነው። "ዕዳ አለባት" የምትለዋ ቃል ከአፋቸው መውጣት የለባትም። ባልሽ፣ ጠበቃሽ፣ ወይም አብሮሽ የፈረመ ሰው ቢሆን ነገሩ ይለያል። አጎት ግን እዚያ ውስጥ የለም። አገር ቤት አበዳሪ ዋስ ይጠራል፣ ሽማግሌ ይልካል፣ ዘመድ ይገባበታል፤ ስለዚህ አጎትሽ ሲደወልለት የቤተሰቡ ጉዳይ መስሎት ለእናትሽ ማሳወቁ አይገርምም። እዚህ ግን ያልፈረመ ዘመድ አይጠየቅም። ኮሌክተሩ የእኛን ይሉኝታ ባያውቀውም ሲሠራለት አይቶታል። አጎትሽ ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ የደወለውን ቁጥርና የተባለውን በሁለት መስመር ጽፎ ይስጥሽ። በኋላ ይጠቅምሻል።

ለሥራ ቦታው አንድ ዓረፍተ ነገር በቂ ነው፦ "አሠሪዬ ሥራ ቦታ ላይ እንዲህ ያለ ስልክ አይፈቅድም፣ እዚያ አትደውሉ።" ከዚያ በኋላ ከደወሉ ሕጉን ጥሰዋል። "በስልክ አታናግሩኝ፣ በፖስታ ብቻ ጻፉልኝ" ማለትም ትችያለሽ፤ ሬጉሌሽን ኤፍ ይሄንን መብት ሰጥቶሻል።

አሁን ስልኩ ሲጮህ ምን ትያለሽ? እኛ ችግራችን ጨዋነታችን ነው። ሰው ሲጠይቀን እንመልሳለን። "አዎ እኔ ነኝ፣ አዎ ዕዳው የኔ ነው፣ አሁን ግን እጄ ላይ የለም፣ የፊታችን ደሞዝ ላይ..." እያልን እናስረዳለን። ኮሌክተር ማስረዳት አያስፈልገውም። የባንክ ቁጥር አትስጪ፣ ሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር አትስጪ፣ ዕዳው የኔ ነው አትበይ። የኔ አይደለም ብለሽም አትዋሺ። ስሙን፣ የድርጅቱን ስምና የፖስታ አድራሻውን ጠይቂና "በጽሑፍ ላኩልኝ" ብለሽ ዝጊው። አድራሻ አልሰጥም ካለ፣ ጊፍት ካርድ ገዝተሽ ቁጥሩን አንብቢልኝ ካለ፣ በዜል (በስልክ ገንዘብ መላኪያ) አሁኑኑ ላኪ ካለ፣ ያ ሰው ኮሌክተር ሳይሆን ሌባ ሊሆን ይችላል። ዕዳ ሳይኖር ዕዳ ፈጥረው የሚደውሉ ብዙ ናቸው። ሜሪላንድ ውስጥ ዕዳ ሰብሳቢ ድርጅት ከክፍለ ግዛቱ ፈቃድ ማውጣት ስላለበት መኖር አለመኖሩን ማጣራት ይቻላል።

አንድ ማስጠንቀቂያ። ብዙ ሰው "የስልክ ንግግሩን ቀድቼ አጋልጣቸዋለሁ" ይላል። ዲሲና ቨርጂኒያ ውስጥ አንዱ ወገን ካወቀ ይበቃል። ሜሪላንድ ውስጥ ግን የሁሉም ተነጋጋሪ ፈቃድ ያስፈልጋል፤ በድብቅ መቅዳት ራስሽን ወንጀል ውስጥ ይከትሻል። እሱን ተዪውና ደብተር ያዢ። ቀን፣ ሰዓት፣ ቁጥር፣ ስም፣ የተባለው ቃል። የተዉልሽን የድምፅ መልእክት ግን አታጥፊ፣ እሱ ራሳቸው የቀዱልሽ ማስረጃ ነው።

በጽሑፍ ላኩ ያልኩሽ ለማባረር ብቻ አይደለም። ኮሌክተር መጀመሪያ ባነጋገረሽ በ5 ቀን ውስጥ የዕዳውን ዝርዝር መላክ አለበት፤ የመጀመሪያው አበዳሪ ማን እንደነበር፣ ስንት እንደነበር፣ ምን ያህል ወለድና ክፍያ እንደተጨመረበት። ያ ወረቀት ከደረሰሽ በ30 ቀን ውስጥ "አልቀበለውም፣ አረጋግጡልኝ" ብለሽ በጽሑፍ ከመለስሽ፣ ማረጋገጫ እስኪልኩልሽ ድረስ ያን ዕዳ መሰብሰብ ማቆም አለባቸው። ደብዳቤው ረጅም መሆን የለበትም። ስምሽ፣ የመዝገቡ ቁጥር፣ "ይህን ዕዳ እከራከራለሁ፣ ማረጋገጫና የመጀመሪያውን አበዳሪ ስም ላኩልኝ፣ በስልክ አታናግሩኝ"፤ በቃ። ፖስታ ቤት ሄደሽ በሰርቲፋይድ ሜይል፣ ደረሰኝ በሚመለስበት መንገድ ላኪው። ኮፒውንና ደረሰኙን አስቀምጪ። 30 ቀኑ ቢያልፍም ጻፊ፤ የማቆም ግዴታ ባይኖርባቸውም ዕዳውን መከራከርሽ ይመዘገባል።

"ከነጭራሹ አታናግሩኝ" የሚል ደብዳቤም መጻፍ ይቻላል፣ ሕጉ ይፈቅዳል። እኔ ግን ቶሎ አልመክርም። ዕዳውን አያጠፋውም። ኮሌክተሩ መደወል ከተከለከለ የሚቀረው መንገድ ክስ ነው፤ አንዳንዴ እሱን ማፍጠን ይሆናል። ዕዳው የቆየ ከሆነና መከሰስ ካልቻለ ግን ጥሩ ደብዳቤ ነው።

እንግዲህ ወደ ሁለቱ ዕዳዎች። አንድ ላይ አታድርጊያቸው፤ ጨርሶ የተለያዩ ናቸው።

የሆስፒታሉን ቢል በተመለከተ ከኮሌክተሩ ጋር አትከራከሪ። ቀጥታ ወደ ሆስፒታሉ ሂጂ። ለትርፍ ያልቆሙ ሆስፒታሎች፣ ሜሪላንድ ውስጥ ያሉት አብዛኞቹ እንደዚያ ናቸው፣ በፌዴራል ሕግ ፋይናንሻል አሲስታንስ የሚባል የእርዳታ ፖሊሲ ሊኖራቸው ግድ ነው። ማመልከቻው የመጀመሪያው ቢል ከተላከ በኋላ ለ240 ቀን ክፍት ነው። ኮሌክሽን ገብቶም ቢሆን ማመልከት ይቻላል! ይሄንን ብዙ ሰው አያውቅም፣ ቢል ወደ ኮሌክሽን ከሄደ በኋላ ሆስፒታሉ ነገሩን የጨረሰው ይመስላቸዋል። አንቺ አምስት ወርሽ ነው፣ ጊዜ አለሽ፤ ግን ነገ ነው የምትሄጂው። ማመልከቻውን ሞልተሽ ስታስገቢ ሆስፒታሉም ሆነ የወከለው ኮሌክተር ውሳኔ እስኪሰጥ ድረስ እንደ ክስ ያሉትን ከባድ እርምጃዎች ማቆም አለባቸው። ሜሪላንድ ደግሞ ከፌዴራሉም ትበልጣለች፦ የቤተሰብሽ ገቢ ከፌዴራሉ የድህነት መለኪያ 200 በመቶ ወይም ከዚያ በታች ከሆነ አስፈላጊ የሆነው ሕክምና በነፃ ነው፣ እስከ 300 በመቶ ድረስ ደግሞ ቅናሽ አለ። የመጨረሻዎቹን የደሞዝ ወረቀቶችና የታክስ ሪተርንሽን ያዢ። እንግሊዝኛው ከከበደሽ የአማርኛ አስተርጓሚ ጠይቂ፣ በስልክ ያገናኙሻል። ኢመርጀንሲ ላይ ያየሽ ሐኪም ለብቻው ቢል ልኮ ሊሆን እንደሚችልም አትርሺ፤ ያንንም በእርዳታው ይሸፈን እንደሆነ እዚያው ጠይቂ።

እርዳታው ባይሳካ እንኳ ዝርዝር ቢሉን ጠይቂ፣ ያላገኘሽው ነገር ተጽፎ ከሆነ እይ፣ ከዚያ ከሆስፒታሉ ጋር የወር ክፍያ ተዋዋይ። ክሬዲትሽ (የብድር ታሪክሽ) ላይ ይወጣል ብለሽ አትደንግጪ። ሦስቱ የክሬዲት ድርጅቶች የሕክምና ዕዳን ኮሌክሽን ከገባ አንድ ዓመት ሳይሞላው አይጽፉትም፣ ከ500 ዶላር በታች የሆነውን ደግሞ ከ2023 ጀምሮ ጨርሶ ትተውታል።

የክሬዲት ካርዱ ነገር ሌላ ነው። ይሄ ዕዳ ሳይሸጥ አልቀረም። ባንኩ ተስፋ ሲቆርጥ ዕዳውን ከሺህ ሌሎች ጋር ጠቅልሎ ይሸጠዋል። የፌዴራል ንግድ ኮሚሽን በ2013 ባወጣው ጥናት ገዢዎቹ የከፈሉት በአማካይ ለ1 ዶላር 4 ሳንቲም ገደማ ነበር። ስለዚህ 200 ዶላርሽ ለእነሱ ትርፍ ነው፤ ለዚያ ነው የሚጮኹት።

ሜሪላንድ ውስጥ ለእንዲህ ያለ ዕዳ የመክሰሻ ጊዜው 3 ዓመት ነው። ዲሲም 3 ዓመት ነው፤ ቨርጂኒያ የጽሑፍ ውል ካለ 5 ዓመት ነው። ከ2018 ወዲህ ምንም ካልከፈልሽና ካልተከሰስሽ ጊዜው አልፏል ማለት ነው። ጊዜው ባለፈ ዕዳ መክሰስም ሆነ እከሳለሁ ብሎ ማስፈራራት ለኮሌክተር ክልክል ነው። ግን "ካልተከሰስሽ" ያልኩት ላይ አስምሪ። በአሮጌው አድራሻሽ መጥሪያ ሄዶ ሳታውቂ ተፈርዶብሽ ከሆነ ነገሩ ይቀየራል። የሜሪላንድ ፍርድ ቤቶች ድረ ገጽ ላይ በስምሽ ፈልጊ፣ በነፃ ነው፣ ዛሬ ማታ ማድረግ ትችያለሽ።

ያቺ 200 ዶላር ደግሞ በብዙ ክፍለ ግዛቶች ወጥመድ ናት። ትንሽ ስትከፍዪ የሞተውን ዕዳ ታስነሺዋለሽ፣ ሰዓቱ ከዜሮ ይጀምራል። ሜሪላንድ ጊዜው ካለፈ በኋላ የሚከፈል ገንዘብ ዕዳውን እንዳያድስ በሕግ ከልክላለች፣ በዚህ ዕድለኛ ነሽ። ሌላ ክፍለ ግዛት ያለ ዘመድሽ ግን "ለጊዜው ዝም ይበሉኝ" ብሎ 50 ዶላር እንዳይወረውር ንገሪው። ክሬዲት ሪፖርት ላይ ደግሞ ያልተከፈለ ዕዳ የሚቆየው 7 ዓመት ነው። አኑዋል ክሬዲት ሪፖርት ዶት ኮም ላይ በየሳምንቱ በነፃ ማየት ይቻላል፤ ጊዜው አልፎ አሁንም ካለ ወይም እንደ አዲስ ዕዳ ተጽፎ ካገኘሽው እዚያው ተከራከሪው።

አሁን እውነተኛው አደጋ። እስካሁን ያልኩሽ ሁሉ ስለ ጩኸት ነው፤ ስልኩ ይጮሃል እንጂ ከኪስሽ ሳንቲም አያወጣም። ገንዘብሽን የሚወስደው ድምፅ የሌለው ነገር ነው፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ። በፖስታ ሊመጣ ይችላል፣ በር ላይ የማታውቂው ሰው ሊሰጥሽ ይችላል፣ ሸሪፍም ሊያመጣው ይችላል። ሸሪፍ ካየሽ ሊያስርሽ አይደለም፣ ወረቀት አድራሽ ነው። በራቸውን ዘግተው የተደበቁ ብዙ አውቃለሁ። በስልኩ ሲበረግጉ ከርመው መጥሪያው ሲመጣ ሳይከፍቱ መሳቢያ ውስጥ ይከቱታል። ከዚያ ማንም አልቀረበም ተብሎ ይፈረዳል፤ ዕዳው የአንቺ ባይሆንም፣ ጊዜው ያለፈበት ቢሆንም ይፈረዳል፣ ምክንያቱም "ጊዜው አልፏል" ብሎ መከራከር ያለበት ተከሳሹ ነው።

ሜሪላንድ ዲስትሪክት ኮርት ከሆነ መጥሪያው ከደረሰሽ በ15 ቀን ውስጥ ከወረቀቱ ጋር የሚመጣውን "እከራከራለሁ" የሚለውን ቅጽ ሞልተሽ መመለስ አለብሽ። ቨርጂኒያ የሚኖር ሰው ዋራንት ኢን ዴት የሚባል ወረቀት ይደርሰዋል። "ዋራንት" ስላለው የእስር ማዘዣ አይደለም፤ በተጻፈው ቀን ቅረብ ማለት ነው። ቀኑ ሲደርስ ሂጂ። የአማርኛ አስተርጓሚ አስቀድመሽ ከጠየቅሽ ፍርድ ቤቱ በነፃ ያቀርባል። ጠበቃ መቅጠር ካልቻልሽ ሜሪላንድ ኮርት ሄልፕ ሴንተር አለ፤ ጠበቆቹ በስልክም በነፃ ያማክራሉ። ሜሪላንድ ሌጋል ኤይድም ገቢያቸው ዝቅ ያለ ሰዎችን ይረዳል።

ፍርድ ካረፈብሽ ከደሞዝሽ ላይ ይቆረጣል፤ የፌዴራሉ ጣሪያ ግብሩ ከወጣለት ደሞዝ 25 በመቶ ነው። ባንክ ያለሽንም ሊይዙ ይችላሉ። ፍርዱ ሜሪላንድ ውስጥ 12 ዓመት ይቆያል፣ ይታደሳልም። ከፍርድ በኋላ ስለ ገቢሽ እንድትጠየቂ ፍርድ ቤቱ ሊጠራሽ ይችላል፤ ደጋግመሽ ከቀረሽ ዳኛው ያስይዝሻል። ፖሊስ እዚህ ታሪክ ውስጥ የሚገባበት መንገድ ይሄ ብቻ ነው፣ እሱም ዕዳ ባለመክፈልሽ ሳይሆን ዳኛ ጠርቶሽ ባለመቅረብሽ ነው።

አንቺም መክሰስ ትችያለሽ። የፖሊሱ ዛቻ፣ የአጎትሽ ስልክ፣ የጥሪው ብዛት፣ ሦስቱም ጥሰት ናቸው። ከጥሰቱ ቀን ጀምሮ አንድ ዓመት አለሽ። የደረሰብሽን ጉዳት ብታሳዪም ባታሳዪም ፍርድ ቤቱ እስከ 1,000 ዶላር ሊፈርድልሽ ይችላል፤ የደረሰ ጉዳት ካለ ከዚያ ላይ ይጨመራል፤ ካሸነፍሽ የጠበቃሽን ክፍያም የሚችሉት እነሱ ናቸው። ለዚህ ነው የሸማቾች መብት ላይ የሚሠሩ ጠበቆች ብዙ ጊዜ ካንቺ ገንዘብ ሳይጠይቁ ጉዳዩን የሚይዙት። ጠበቃ የሚያስፈልግሽ ቦታ ይሄ ነው፤ ደብተርሽን ይዘሽ ሂጂ። ለፌዴራሉ የሸማቾች ቢሮ፣ ለሲ ኤፍ ፒ ቢ፣ በኢንተርኔት አቤት ማለትም ይቻላል። የሜሪላንድ ዐቃቤ ሕግ ቢሮም የሸማቾች ክፍል አለው። አቤቱታ ዕዳ አይሰርዝም፣ ግን ከኮሌክተሩ የጽሑፍ መልስ ለማምጣት ይረዳል።

አንድ ነገር ይለይ፤ የፌዴራሉ ሕግ በዋናነት የሚይዘው የሌላ ሰው ዕዳ የሚሰበስቡትን ነው። የሆስፒታሉ የራሱ ሠራተኛ ደውሎ ቢያመናጭቅሽ በዚያ ሕግ መያዝ ያስቸግራል። የሜሪላንድ የራሷ ሕግ ግን ዋናውን አበዳሪም ይመለከታል።

"ዕዳሽን በግማሽ እናስቀርልሻለን" የሚሉ ድርጅቶችም ይደውሉልሻል። በስልክ ያግባባሽ እንዲህ ያለ ድርጅት አንድም ዕዳ ሳያስተካክል ቅድሚያ ክፍያ እንዳይጠይቅ ከ2010 ጀምሮ ተከልክሏል። ቅድሚያ ካለ ዝጊው። ለትርፍ ያልቆመ የክሬዲት አማካሪ ይሻልሻል።

መጨረሻ ላይ ልትከፍዪ ከወሰንሽ፣ መክፈል ነውር አይደለም፣ የተስማማችሁበትን መጀመሪያ በጽሑፍ ተቀበዪ፦ ይህን ያህል ሲከፈል ቀሪው ተዘግቷል የሚል። ወረቀቱ ሳይደርስሽ አትክፈዪ። ከደረሰሽ በኋላም የራስሽ የባንክ ቁጥር በማይታይበት በመኒ ኦርደር ወይም በካሺየርስ ቼክ ክፈዪ፤ የባንክሽን ቁጥር ከያዙ ከተስማማችሁት በላይ ሲወስዱ ማስቆም ጣጣ ነው። 600 ዶላርና ከዚያ በላይ ከተዉልሽ ደግሞ 1099-ሲ የሚባል ፎርም ሊመጣ ይችላል፤ መንግሥት የተተወልሽን እንደ ገቢ ያየዋል። በዚያ ሰዓት የነበረብሽ ዕዳ ካለሽ ንብረት ይበልጥ ከነበረ ግብሩ ሊቀርልሽ ስለሚችል፣ ፎርሙን ሳትጥዪ ታክስ ለሚሠራልሽ ሰው አሳዪው።